ያለ ማውስ በላፕቶፕ መሥራት፦ የታችፓድና የሾርትከት ጥያቄ ከደሴ

ጸሐፊዋ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሑፍ ሥራ እሠራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ የእድር ደንብ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። እስካሁን የምሠራው በዴስክቶፕ ነበር። አሁን መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ያስቸገረኝ ታችፓዱ ነው።

እየጻፍኩ ከርሰሩ ድንገት ይዘላል። ቀና ስል የጻፍኩት ቃል ሌላ አንቀጽ መሃል ገብቶ አገኘዋለሁ። ረጅም ጽሑፍ መምረጥም አልሆነልኝም። ጣቴ የታችፓዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ምርጫው ይለቀቃል። ሌላው ጥያቄዬ ስለ ሾርትከት ነው። ኪቦርድ ብቻ ነክተው ሥራቸውን የሚጨርሱ ሰዎች አያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ዝርዝር ግን መቶ ምናምን ነው፣ ያን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም። ከየትኞቹ ልጀምር?

ማውስ አለኝ። ግን ጠረጴዛዬ ላይ ፕሪንተሩ፣ የደንበኛው ወረቀትና ላፕቶፑ ከተቀመጡ በኋላ ለማውስ ቦታ አይተርፍም። ዊንዶውስ 10 ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ታችፓድ ለፌስቡክ ይሆናል እንጂ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው አይሆንም። ትንሽዬ ገመድ አልባ ማውስ ግዢ። መጽሐፍ ላይም አስቀምጠሽ ትሠሪበታለሽ።

የፒያሳ ጠጋኝ

ከላይ ካለው ወንድሜ ጋር አልስማማም። ላፕቶፕ እጠግናለሁ። «ታችፓዱ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ብዙው ታችፓዱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይህን አንብቢ።

ታችፓድ ጣትሽን የሚያውቀው በግፊት አይደለም። ከላዩ ሥር ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች መረብ አለ። ጣት ሲጠጋ እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይለወጣል። ማሽኑ ያንን ለውጥ ለክቶ ጣቱ የት እንዳለ ያውቃል። በእስክሪብቶ ብትነኪው የማይሰማው ለዚህ ነው። እርጥብ ጣት ያወናብደዋል። በእኛ የደሴ ብርድ ደርቆ የቀዘቀዘ ጣትም አንዳንዴ አይሰማውም። ከቻርጀር የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ደግሞ ጣት ሳይኖር ጣት ያለ ያስመስልበታል።

እና መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። ከርሰሩ መዝለል ሲጀምር ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ጻፊ። መዝለሉ ከቆመ ችግሩ ያለው ቻርጀሩ ወይም ሶኬቱ ጋ ነው። ከዱባይ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ውስጥ ቻርጀራቸው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ብዙ ነው። የእኛ ሶኬት ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለሆነ አዳፕተር እናደርግበታለን። ርካሹ አዳፕተር ሁለቱን እግር ብቻ ያገናኛል፣ የግራውንዱ (ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው) መስመር እዚያው ይቀራል። አሮጌ ቤት ከሆነ ግድግዳው ውስጥም ግራውንድ ላይኖር ይችላል። የብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ እያለ ስትዳብሺው እጅሽን ነዘር የሚያደርግሽ ከሆነ ምክንያቱ ያው ነው።

ተነቅሎም ከዘለለ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ አይ (I) የሚለውን ፊደል ተጫኚ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ታችፓድ። ዊንዶውስ 11 ላይ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ሴንሲቲቪቲ የሚለው አራት ደረጃ አለው። አንቺ ብዙ ስለምትጽፊ ወደ ሎው አውርጂው። ስትጽፊ መዳፍሽ ታችፓዱን ይነካል፣ ማሽኑ ደግሞ ክሊክ ያደረግሽ ይመስለዋል። ደረጃው ሲወርድ መዳፍን ችላ ይላል። እዚያው ገጽ ላይ ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል።

ጽዳትም እንዳትረሺ። ማሽኑን አጥፍተሽ በትንሹ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ቅባት ያለበት ታችፓድ ላይ ጣት ይንሸራተታል ወይም ይጎተታል፣ አንዱም አይመችም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ለሁላችሁም ነው። ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ፣ ስትጫኑት ቀጭ ማለቱን ከተወ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ አልቀመጥ ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። በብዙ ላፕቶፕ ባትሪው ያለው ታችፓዱ ሥር ወይም አጠገቡ ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማሽኑን አጥፉት፣ ወደ ታች ልትመልሱት አትጫኑት። መብሳትማ በጭራሽ! የሊቲየም ባትሪ ሲበሳ በእሳት ይያያዛል። «ትንሽ ነው ያበጠው» ብለው እየሠሩበት የሚቆዩ ሰዎች ያሳስቡኛል። አብጦ ካያችሁት በዚያው ቀን ለባለሙያ አሳዩ።

ቦርከና ዳር

አብሽሪ እህቴ፣ ታችፓድ ይለመዳል። እኔ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። ላይብረሪ ውስጥ ለማውስ የሚሆን ቦታ ስለሌለ ሁሉንም በጣት ነው የምሠራው።

መጀመሪያ የታችፓድ ሴቲንግ ገጽ ላይ ፕሪሲዥን ታችፓድ የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዪ። ካለ እነዚህ ይሠራሉ። ሁለት ጣት አድርገሽ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሺ ገጹ ስክሮል ይሆናል። ሁለት ጣት አንድ ጊዜ መታ ስታደርጊ ራይት ክሊክ ነው። ሁለት ጣት ስትከፍቺና ስትዘጊ ያጎላል፣ ያሳንሳል። ሦስት ጣት ወደ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች በሙሉ ዘርግቶ ያሳይሻል። ሦስት ጣት ወደ ታች ደግሞ ሁሉንም አውርዶ ዴስክቶፑን ያወጣዋል። ሦስት ጣት ወደ ጎን ከዎርድ ወደ ብራውዘር፣ ከብራውዘር ወደ ዎርድ ይወስድሻል። ለአንቺ ሥራ ትልቁ ይሄ የመጨረሻው ነው ብዬ አስባለሁ። የደንበኛውን ፒዲኤፍ አይተሽ ወደ ጽሑፍሽ ለመመለስ ከታች ያለውን አሞሌ መፈለግ አይኖርብሽም።

ስክሮሉ የተገላበጠ ከመሰለሽ እዚያው ገጽ ላይ አቅጣጫው ይቀየራል። ከስልክ የመጣ ሰው አንዱ ይመቸዋል፣ ከማውስ የመጣ ሰው ሌላው። የሚመችሽን ምረጪና አትቀያይሪው።

ፕሪሲዥን የሚል ከሌለ ሦስት ጣቱን የሚቆጣጠረው የታችፓዱ አምራች ድራይቨር (ታችፓዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው። የላፕቶፕሽን ሞዴል ይዘሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ ድራይቨሩን አውርጂ።

ጸሐፊዋ ከደሴ

የፒያሳው ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ቻርጀሩን ስነቅለው መዝለሉ ቆመ። መልሼ ስሰካው ጀመረ። አዳፕተሩም ያልከው ዓይነት ነው። ብረቱ ላይ የሚሰማኝ ንዝረትም ከዚያ የመጣ መሆኑ አሁን ገባኝ፣ ላፕቶፑ ሊሞት ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ምን ልግዛ?

የፒያሳ ጠጋኝ

አሜን። የሚሻለው አዳፕተሩን መተው ነው። ከቻርጀሩ ሳጥን እስከ ግድግዳው ያለው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ተነቅሎ ይወጣል። ያንን ብቻ በእኛ ሶኬት በሚገባና ግራውንድ ባለው ክብ እግር ገመድ ቀይሪው። ሳጥኑን መቀየር አያስፈልግሽም። ሻጩ ጋ የድሮውን ይዘሽ ሂጂ፣ የሳጥኑ ቀዳዳ ቅርጹ ይለያያል። ዲቫይደር የምትጠቀሚ ከሆነ እሱም በጎኑ የግራውንድ ብረት ያለው ይሁን። ግድግዳው ውስጥ ግራውንድ ከሌለ ግን ገመድ ቢቀየርም ለውጥ አይኖርም። ያኔ ኤሌክትሪሺያን ያየው።

ገመዱ እስኪገኝ ባትሪውን ሞልተሽ፣ ነቅለሽ ጻፊ።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ሸጋ ትምህርት ነው። ስለ ማውሱ ግን አሁንም ሐሳቤ ያው ነው። ፎቶ የሚያስተካክል፣ ባነር የሚሠራ ሰው ያለ ማውስ ይደክማል።

ቦርከና ዳር

ለባነር ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። ለጽሑፍ ግን ማውሱም ታችፓዱም ሁለተኛ ናቸው። ዋናው ኪቦርዱ ነው።

የድሮ ሒሳብ ሹም

ልጆቼ፣ ጥሩ ውይይት ነው። ስለ ሾርትከቱ እኔ ልበል።

ዝርዝር ይዞ መሸምደድ አይጠቅምም። ልጄ፣ አንድ ቀን ሙሉ ስትሠሪ ወረቀት አጠገብሽ አስቀምጪ። እጅሽ ከኪቦርድ ተነሥቶ ታችፓድ ላይ በሄደ ቁጥር ምን ልታደርጊ እንደሄድሽ ጻፊ። ማታ ስታይው ደጋግሞ የመጣው አራት አምስት ነገር ነው። የእነዚያን ሾርትከት ብቻ ተማሪ። እጅሽ ሲለምዳቸው የሚቀጥሉትን። ያልተጠቀምሽበትን ሾርትከት ጭንቅላት አይይዘውም፣ የተጠቀምሽበትን ደግሞ ጣት ራሱ ይይዘዋል።

ኮፒ፣ ከት፣ ፔስትን እንደምታውቂ እገምታለሁ። ኮንትሮልን ይዞ ሲ፣ ኤክስ፣ ቪ፣ ከጎናቸው ደግሞ መመለሻው ዜድ፣ አራቱም በግራ እጅ ሥር በአንድ ረድፍ ናቸው። ከትና ፔስትን ያመጣው ላሪ ቴስለር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በፈረንጆች 1970ዎቹ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ከባልደረባው ጋር ሲሠራ ነው ያበጀው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2012 ላይ አረፈ። እነዚያን ፊደሎች ዛሬ ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል ይቀበላቸዋል። አንድ ጊዜ ለምደሽ ዕድሜ ልክ የምትጠቀሚበት ነገር ነውና ጊዜ ብትሰጪው አይቆጭሽም።

ጸሐፊዋ ከደሴ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። እርስዎ እንዳሉት ኮፒና ፔስትን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የጎደለኝ። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ።

መምህርት ከሆጤ

የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ እኔ ልንገርሽ። ተማሪዎቼ የሚያመጡትን ሳይ የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር አለ። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ደጋግመው ይመቱታል። ከዚያ ፊት ላይ አንድ መስመር ሲጨመር ከኋላው ያለው ምዕራፍ በሙሉ ይንሸራተታል። ኮንትሮል + ኢንተር በይ፣ አዲስ ገጽ ይጀምራል፣ ፊት ላይ ምን ቢጨመር ምዕራፉ ከገጹ አናት አይነቃነቅም።

ለርዕስ ደግሞ ፊደል ማወፈርና ማተለቅ ብቻውን አይበቃም። ርዕሱ ላይ ሆነሽ ኮንትሮል + አልት + 1 ስትዪ ዎርድ ዋና ርዕስ መሆኑን ያውቃል። በ2 ንዑስ ርዕስ፣ በ3 ከዚያ በታች ያለው። እነዚህን ካደረግሽ ማውጫውን ዎርድ ራሱ ያወጣልሻል፣ የገጽ ቁጥሩ ሲቀየርም ታድሺዋለሽ። ማውጫ በእጅ ነጥብ እየደረደርሽ የምታጠፊውን ጊዜ አስቢው።

የመስመር ርቀት የሚቀየረውም በኪቦርድ ነው። ኮንትሮል + 1 ነጠላ፣ ኮንትሮል + 2 ድርብ፣ ኮንትሮል + 5 አንድ ተኩል። ብዙ አማካሪዎች አንድ ተኩል ስለሚሉ አምስቷን ያዢ። ግራና ቀኝ እኩል ለማድረግ ኮንትሮል + ጄ፣ መሃል ለማድረግ ኮንትሮል + ኢ።

ረጅም ጽሑፍ መምረጥ ላልሽው ጣትን መጎተት ተዪው። መጀመሪያው ላይ ክሊክ አድርጊ። በሁለት ጣት እስከ መጨረሻው ስክሮል አድርጊ። ሺፍትን ይዘሽ መጨረሻው ላይ ክሊክ። መሃሉ በሙሉ ይመረጣል። ሃያ ገጽም ቢሆን ያው ነው። በኪቦርድ ብቻ ከሆነ ሺፍትን ይዞ በቀስት መሄድ ነው። ኮንትሮልና ሺፍት አብረው ከተያዙ በቃል በቃል ይዘላል። ኮንትሮል + ሺፍት + ኢንድ ካለሽበት እስከ ሰነዱ መጨረሻ ይመርጣል። ኢንድ የሚል ቁልፍ ላፕቶፕሽ ላይ ከሌለ ብዙ ጊዜ ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ቁልፍ ይዞ የቀኝ ቀስት ነው።

ጦሳ ሥር

የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ያለውን ማንም አላነሳውም። እኔም ጽሑፍ ስለምሠራ ጥቂት ልበል።

አማርኛና እንግሊዝኛ ለመቀያየር ዊንዶውስ + ስፔስ። ይህ የሚሆነው አማርኛው በዊንዶውስ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ነው። አልት + ሺፍትም ይቀይራል። እየጻፋችሁ ፊደሉ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድባችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ሳታስቡት አብራችሁ ነክታችኋቸው ነው። የሚያስቸግር ከሆነ ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል።

ቃል መፈለጊያው ኮንትሮል + ኤፍ ለአማርኛ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ፀሐይ» ብለሽ ብትፈልጊ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልሽም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። እኔ ጽሑፍ ስጨርስ ኮንትሮል + ኤች ከፍቼ አጠራጣሪዎቹን ቃላት ወደ አንድ አጻጻፍ እለውጣለሁ። በተለይ የሰው ስም! ውል ላይ ኃይሉ አንድ ቦታ በኃ፣ ሌላ ቦታ በሀ ተጽፎ ሲገኝ ባለጉዳዩ ነው የሚንገላታው። ግን «ሁሉንም ለውጥ» የሚለውን አትጫኚ። አንድ በአንድ እያየሽ ለውጪ፣ ቃሉ ሌላ ቃል ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ሌላው፣ ደንበኛ ያመጣው የቆየ ፋይል ኮፒ ሲደረግ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ሾርትከቱ አይደለም የተበላሸው። ፋይሉ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር መስፈርት) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ካለ ይነበባል፣ ከሌለ አይነበብም። መለወጫ ፕሮግራም ያስፈልገዋል ወይም እንደገና ይጻፋል። ለደንበኛው ቀድመሽ ንገሪው፣ ዋጋውም በዚያ ይሁን።

ፔይሮል ኮምቦልቻ

የኤክሴል ሰው ካለ እኔም ልጨምር። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ እሠራለሁ። የሠራተኛው ዝርዝር ረጅም ስለሆነ በታችፓድ ስክሮል እያደረጉ መጨረሻው ላይ መድረስ አይታሰብም።

ኮንትሮል + ታች ቀስት ወደ መጨረሻው ሰው ይወስዳል። ሺፍት ከተጨመረበት እየመረጠ ይወርዳል። መሃል ላይ ባዶ ሴል ካለ እዚያ ይቆማል፣ ይሄ ራሱ ጥቅም አለው። ያልተሞላ ደመወዝ ያለበትን ቦታ የማገኘው በዚህ ነው። ለድምር አልት + እኩል ይሆናል። ከላይ ያለውን ወደ ታች ለመድገም ኮንትሮል + ዲ። ሴል ውስጥ ገብቶ ለማረም ኤፍ 2። ለማጣራት (ፊልተር) ኮንትሮል + ሺፍት + ኤል።

ኮንትሮል + ሴሚኮለን (;) የዛሬን ቀን ያስገባል። ግን የሚያስገባው የፈረንጁን ቀን ነው። ወረቀታችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚሄድ እኔ አልጠቀምበትም፣ በእጄ እጽፈዋለሁ።

የላፕቶፕ ተጠቃሚዎች ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 4 ብለው ድምፅ ከቀነሰባቸው ወይም ስክሪኑ ከደመቀባቸው የኤፍ ቁልፎቹ ለሌላ ሥራ ተመድበው ነው። ኤፍኤንን ይዞ መጫን ነው። በብዙ ላፕቶፖች ኤፍኤን + ኢስኬፕ ሁኔታውን ለዘለቄታው ይቀይረዋል። ኢስኬፕ ላይ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ካያችሁ እሱ ነው። ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ኤፍ 4 ወሳኝ ነው። ፎርሙላ ውስጥ የዶላር ምልክቱን የሚያስገባው እሱ ነው። የጡረታ መቶኛ ያለበትን አንድ ሴል ቆልፎ ለሁሉም ሠራተኛ ማባዛት ያለዚያ ያደክማል።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ታችፓዴ ጭራሽ መሥራት ካቆመስ? ትናንት ማታ የወንድሜ እንዲህ ሆነ። ማውስም የለውም፣ ሴቲንግ ውስጥ በምን ይገባ?

የፒያሳ ጠጋኝ

በኪቦርድ ይገባል። መጀመሪያ የኤፍ ቁልፎቹን ይይ። አንዱ ላይ የታችፓድ ሥዕል አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰያፍ መስመር የተሠመረበት። ሳያስበው ነክቶት ሊሆን ይችላል። ኤፍኤንን ይዞ፣ ካልሆነም ሳይዝ ይጫነው። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የታችፓዱ ግራ አናት ላይ ትንሽ ነጥብ አለ። እሷን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ያጠፋል፣ ያበራል።

ካልሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን ይጫንና ታችፓድ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ኢንተር። ገጹ ሲከፈት በታብ እየተሸጋገረ ማብሪያው ላይ ሲደርስ ስፔስ ይጫን። ታብ ወደ ፊት ይወስዳል፣ ሺፍት + ታብ ወደ ኋላ። ራይት ክሊክ ከፈለገ ሺፍት + ኤፍ 10 ነው። ይህን ያህል ያወቀ ሰው ታችፓድ ጠፋብኝ ብሎ ጥገና ቤት አይሮጥም።

በርቶም ካልሠራ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ያስነሣው። ከዚያ ወዲያ ያለው ድራይቨር ወይም የውስጥ ገመድ ነው፣ ይዞት ይምጣ።

ጸሐፊዋ ከደሴ

ወረቀቱን ያዝኩ ጋሼ። ደጋግሞ የመጣው ከአንድ ሰነድ ወደ ሌላ ብዙ ቦታ ኮፒ ማድረግ ነው። አንዱን ኮፒ አደርጋለሁ፣ ሄጄ ፔስት፣ እመለሳለሁ። ይህን የሚያሳጥር አለ?

ጦሳ ሥር

ዊንዶውስ + ቪ። መጀመሪያ ስትጫኚው አብሪ የሚል ይመጣል፣ አብሪው። ከዚያ ወዲህ ኮፒ ያደረግሻቸውን እስከ 25 ድረስ ይዞ ያሳይሻል። ምንጩ ላይ ሆነሽ የሚያስፈልግሽን ሁሉ በተራ ኮፒ አድርጊ፣ ከዚያ ሂጂና ከዝርዝሩ እየመረጥሽ ፔስት አድርጊ። ማሽኑ ሲጠፋ ይጸዳል፣ ሁልጊዜ የምትፈልጊውን ግን ፒን ብታደርጊው ይቆያል። የማመልከቻ መግቢያና መዝጊያ ፒን አድርጌ ነው የምሠራው።

ከድረ ገጽ የመጣ ጽሑፍ ፎንቱንና ቀለሙን ይዞ ሲመጣ ደግሞ፣ ዎርድ ላይ ፔስት ካደረግሽ በኋላ ኮንትሮልን ብቻ ተጫኚና ልቀቂው፣ ከዚያ ቲ። ጽሑፉ ብቻ ይቀራል።

የድሮ ሒሳብ ሹም

እዚህ ላይ ማሳሰቢያ አለኝ። የሕዝብ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ማሽን ላይ የሰው ምስጢር አለ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፍርድ ቤት ክስ፣ የይለፍ ቃል። ያ ዝርዝር ሁሉንም ይይዛል። ደንበኛ ሲሄድ ዝርዝሩን ክፈቺና ሁሉንም አጥፊ የሚለውን ተጫኚ፣ ፒን ያደረግሽው አይነካም። ከወንበርሽ ስትነሺም፣ ለፎቶ ኮፒም ቢሆን፣ ዊንዶውስ + ኤል ብለሽ ቆልፊው። የይለፍ ቃል ማሽኑ ላይ ከሌለ ግን መቆለፉ ዋጋ የለውም፣ መጀመሪያ እሱን አስገቢ። ሰው አምኖ የሰጠሽን ወረቀት መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

ጸሐፊዋ ከደሴ

እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ አደርገዋለሁ። ክሱም ውሉም እኔ ጋ ስለሚጻፍ ያሉት በደንብ ይመለከተኛል።

መምህርት ከሆጤ

አንድ ጥያቄ እኔም አለኝ። ክፍል ውስጥ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር ሳገናኝ ምስሉ እኔ ጋ ብቻ ይቀራል። ፓወርፖይንት ላይም እያስተማርኩ ወደ አንድ ስላይድ ለመሄድ በታችፓድ ስፈላልግ ተማሪው ሁሉንም ያያል።

ቦርከና ዳር

መምህርት፣ ዊንዶውስ + ፒ ይጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል። ዱፕሊኬት የሚለው ሁለቱም ጋ አንድ ምስል ያሳያል። ኤክስቴንድ ከሆነ ፕሮጀክተሩ ሁለተኛ ስክሪን ይሆናል፣ ማስታወሻዎን እርስዎ ብቻ ያዩታል።

ፓወርፖይንት ላይ ኤፍ 5 ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ሺፍት + ኤፍ 5 ካሉበት ስላይድ። ወደ ስላይድ 14 ለመሄድ 14 ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፣ ተማሪው ፍለጋውን አያይም። ትኩረታቸውን ወደ እርስዎ ለመሳብ ቢ ሲጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ መልሰው ሲጫኑት ይመለሳል።

ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ቢ ላይሠራ ይችላል። ስላይዱን ከመጀመርዎ በፊት በዊንዶውስ + ስፔስ ወደ እንግሊዝኛ ያድርጉት።